ኮምጣጣነት፤ ከእንሰት ጉድጓድ እስከ ዱቡሻ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መንገደኛ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ጉዞ ከሙዝና ከማንጎ ምድር ወደ እንሰትና ወደ ገብስ ምድር ይሻገራል። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,200 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ ስትገኝ፣ ጨንቻ በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ የአባያ ሐይቅ ቀይ ዳማ ውሃ ከበስተኋላ እየራቀ ይሄዳል፤ ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ጉም ይመጣል። ዶርዜ ላይ ሲደረስ እንግዳው ከቀርከሃ በተሠራው ረጅም ቤት ጥላ ሥር ተቀምጦ ከምጣድ የወጣ ትኩስ ቆጮ ከማርና ከዳጣ ጋር ይቀርብለታል። ማሩን ይወደዋል። ዳጣው ያስለቅሰዋል፤ ቢሆንም ያመሰግነዋል። ስለ ቆጮው ሲጠየቅ ግን ብዙውን ጊዜ ፊቱን ሰብሰብ አድርጎ «ይኮመጥጣል» ይልና ቀሪውን ወደ ጎን ይገፋዋል።

ይህ እንግዳ ከሰሜን ወይም ከአዲስ አበባ የመጣ እንደ ሆነ ነገሩ ያስገርማል። ከልጅነቱ ጀምሮ በየዕለቱ የበላው እንጀራ ኮምጣጣ ነውና። የእናቱ ሊጥ ከቀደመው ቡኮ በተረፈ እርሾ ሁለትና ሦስት ቀን ሲብላላ ኖሮ፣ አብሲት ተጥሎበት፣ ዐይን አውጥቶ ከምጣድ የወረደ ነበር። ቡኮው ሳይደርስ የተጋገረ እንደ ሆነ ደግሞ «አፍለኛ ነው» ተብሎ ይነቀፋል። ስለዚህ ሰውየው ኮምጣጣ ነገር አይወድም ለማለት አይቻልም። የሚወደው የራሱን ኮምጣጣ ነው። የሌላው ሰው ኮምጣጣ ሲቀርብለት አፉ የሚፈርደው ፍርድ የምላስ ብቻ ነው ወይስ የታሪክም ጭምር ነው የሚለው ጥያቄ ሊመረመር ይገባዋል።

አማርኛ ለዚህ ጣዕም ያለው ቃል አንድ ብቻ አይደለም። ያልበሰለ ፍሬ ይጎመዝዛል፤ ሎሚ ይኮመጥጣል፤ ቀኑ ያለፈበት ጠላ ይሆመጥጣል። ግዕዝ ብሕአ ሲል ቦካም ኮመጠጠም ማለቱ ነው፤ ሊጡን የሚያነሣው ኃይልና ጣዕሙን የሚለውጠው ኃይል በአንድ ግሥ ተይዘዋል። ቋንቋው በዚህ ረገድ ከላቦራቶሪ በፊት የደረሰበት ነገር እንዳለ መቀበል ተገቢ ነው።

ቃሉ ከምግብ ወደ ሰው ሲሻገር ትርጉሙ ሁለት ፊት ያወጣል። ኮምጣጣ ሰው ሲባል ሳቅ የማያውቅ፣ ቀርበው የማይጫወቱት ሰው ማለት ሊሆን ይችላል። በሌላ አነጋገር ደግሞ ኮምጠጥ ያለ ሰው የሚባለው በቃሉ የሚጸና፣ በጉቦና በቁልምጫ የማይለዝብ ነው። ኮምጣጣ ዳኛ ይመሰገናል፤ በተለይ ባላጋራው ፊቱ የቆመ እንደ ሆነ። ጣፋጭ ሰው የሚለው አነጋገር እንኳ ሁልጊዜ ሙሉ ምስጋና አይደለም፤ በአንደበቱ ጣፋጭ የሆነ ሰው አንዳንድ ጊዜ ይፈራል። ከዚህም በላይ የሚያስደንቀው ማብላላት የሚለው ቃል ነው። ሊጥ ይብላላል፤ ነገርም ይብላላል። አንድ ሽማግሌ ጉዳዩን አብላልቶ ፈረደ ሲባል ትዕግሥቱና ማስተዋሉ ይነገራል። ቂም በሰው ሆድ ውስጥ ሲብላላ ከረመ ሲባል ግን የሚነገረው ስለ አደጋ ነው። የሁለቱ ሥራ በመልኩ አንድ ነው፤ ጊዜ፣ ሙቀትና የተከደነ ዕቃ ይፈልጋል። ውጤቱ ግን አንድ አይደለም።

የጥንት ሐኪሞችም ከዚሁ ጥያቄ ጋር ታግለዋል። በሁለተኛው ምዕተ ዓመት የነበረው ግሪካዊው ሐኪም ጋሌን የሰውን ጠባይ በአራት ፈሳሾች መዛነፍ ሲያስረዳ፣ ትካዜንና ጭፍግግነትን ለሚያመጣው ለጥቁሩ ሐሞት የሰጠው ጣዕም ኮምጣጣነት ነው፤ መሬት ላይ ሲፈስ እንደ ኃይለኛ ኮምጣጤ አፈሩን ያፈላዋል ብሎ ያምን ነበር። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርትም አራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ማለትም መሬት፣ ውሃ፣ እሳትና ነፋስ በሰው ውስጥ ተዋሕደው እንደሚኖሩ ይነገራል፤ ቁጡው ሰው በእሳት፣ ታጋሹ በመሬት ይመሰላል። ከእነዚህ ሁሉ ግን ለዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው በነቢዩ በኤርምያስና በነቢዩ በሕዝቅኤል መጻሕፍት የተጠቀሰው የእስራኤላውያን ምሳሌ ነው። አባቶች ያልበሰለውን ወይን በልተው የልጆች ጥርስ ጠረሰ ይሉ ነበር፤ ሁለቱም ነቢያት ይህ አባባል ከእንግዲህ አይነገር ብለው ተቃወሙት። የአንዱ አፍ የቀመሰው ኮምጣጣ ለሌላው ጥርስ ዕዳ መሆን የለበትም ማለታቸው ነበር። ይህ ነገር ወደ መጨረሻው ተመልሶ ይመጣል።

የኬሚስትሪ ታሪክም ቢሆን ከኮምጣጣ ጣዕም የተወለደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሲድ የሚለው ስም ከላቲን ሲመጣ ኮምጣጣ ማለት ነው። ፈረንሳዊው ላቮአዚዬ ኦክሲጅንን ሲሰይም ኮምጣጣን የሚወልድ ማለቱ ነበር፤ አሲድ ሁሉ ከእርሱ ይገኛል ብሎ በማመኑ። በ1810 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ዴቪ ክሎሪን ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር እንደ ሆነና በጨው አሲድ ውስጥ ኦክሲጅን እንደሌለ ባሳየ ጊዜ ግምቱ ወደቀ፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ከነስሕተቱ ቀርቷል። ሺሌ የተባለው ስዊድናዊ ኬሚስት ከኮመጠጠ ወተት ላክቲክ አሲድን የለየው በ1780 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ያን አሲድ የሚሠሩት ሕያዋን ጥቃቅን ፍጥረታት መሆናቸውን ፓስተር በ1857 እ.ኤ.አ. አመለከተ። የኮምጣጣነትን ልክ በቁጥር ለመግለጽ ዛሬ በየላቦራቶሪው የሚሠራበትን የፒኤች መለኪያ በ1909 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሶረንሰን ደግሞ በኮፐንሃገን በአንድ ቢራ ጠማቂ ድርጅት ላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው ነበር። ለሊጥና ለጠላ ወዳጆች ይህ ደስ ሊያሰኝ የሚገባው ዜና ነው። በልኬቱ መሠረት ቁጥሩ በአንድ በወረደ ቁጥር ኮምጣጣነቱ ዐሥር እጥፍ ይጨምራል።

አሁን ወደ ጉድጓዱ እንመለስ። በጋሞ ደጋ እንሰት ከቤት ጀርባና ከቤት ዙሪያ የሚተከል የጓሮ ተክል ነው። በዓመታት ዕድሜ ከደረሰ በኋላ ይቆረጣል፤ የግንዱ ሽፋኖች አንድ በአንድ ተገንጥለው በተጋደመ ሳንቃ ላይ በቀርከሃ መፋቂያ ይፋቃሉ፤ ሥሩ ይከተከታል። የተፋቀው ገንፎ መሰል ነገር በእንሰት ቅጠል በተነጠፈ ጉድጓድ ይከተታል፤ በቅጠል ይሸፈናል፤ በላዩም ድንጋይ ይጫንበታል። ከሳምንታት እስከ ወራት፣ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ሲፈለግ ወጥቶ ይጨመቃል፤ ቃጫው እንዲደቅቅ ይከተፋል፤ ይጋገራል። ይህ ሁሉ የሴቶች ሥራ ነው፤ ከባድም ሥራ ነው።

በመሐንዲስ ዐይን ለተመለከተው ጉድጓዱ የመሣሪያ መቆጣጠሪያ የሌለው ማብላያ ነው። ቅጠሉ አፈሩን ከምግቡ ይለያል፤ ድንጋዩ አየሩን ያስወጣል፤ አየር ሲያጣ ሻጋታ አያድግም፤ አየር የማይሹት የላክቲክ ባክቴሪያዎች ግን ይበዛሉ። ብርሃኑ አበጋዝ ጋሼ በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የቆጮ ማብላላት ጥናት የቡኮው ፒኤች ከ6.5 ተነሥቶ ወደ 4.2 ገደማ እንደሚወርድ አሳይተዋል። በሰሌዳ ላይ ሲሰላ ይህ ኮምጣጣነቱ ሁለት መቶ እጥፍ ያህል ጨመረ ማለት ነው። በዚያ ደረጃ ሆድ የሚያሳምሙና ሥጋን የሚያበሰብሱ አብዛኞቹ ተሕዋስያን መኖሪያ ያጣሉ። ኮምጣጣነቱ እንግዲህ የምግቡ ዘበኛ ነው። ዘበኛው የተዳከመ እንደ ሆነ፣ ማለትም ጉድጓዱ አየር ያስገባ ወይም ውሃ የሰረገበት እንደ ሆነ፣ ሌሎች ተሕዋስያን ይገባሉ፤ የተበላሸ ቅቤ የሚመስል ሽታ የሚሰጠው ቢዩቲሪክ አሲድ ይበዛል። ያን ጊዜ ነገሩ ኮመጠጠ አይባልም፤ ተበላሸ ይባላል። ጉድጓዱን የምትከፍተው ሴት ይህን ልዩነት በአፍንጫዋ ታውቀዋለች። ለዚህ ዕውቀት ምስክር ወረቀት የሚሰጥ ትምህርት ቤት የለም።

ኮምጣጣ ሁሉ ግን በአንድ ፍጥነት አይኮመጥጥም። በጋሞና በወላይታ ገበያዎች የሚጠጣው ቦርዴ ከበቆሎና ከሌላ እህል ተዘጋጅቶ በጥቂት ቀናት የሚደርስ፣ ምግብም መጠጥም የሆነ ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ከደረሰ በኋላ ቶሎ ካልተጠጣ ኮምጣጣነቱ ከልክ አልፎ አይጠጣም። ገበያተኛው በዕለቱ ይጨርሰዋል። ቆጮ ደግሞ ቀስ ብሎ ይኮመጥጥና ጸንቶ ይቆያል። አንዳንድ ሰው ቦርዴ ነው፣ አንዳንዱ ቆጮ ነው ብሎ የሚቀልድ ቢኖር ከጋሌን ፈሳሾች የተሻለ የጠባይ ትምህርት ያስተምር ነበር።

በቅርብ ጊዜ ይኸው ጉድጓድ የጥናት ርእስ ሆኗል። ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና ከቤልጅግ የሌቨን ዩኒቨርሲቲ የመጡት አዲሱ ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ በጋሞ ደጋ ያለው አሠራር ከቦታ ቦታ ቢለያይም መፋቅና በጉድጓድ ወይም በቀርከሃ ቅርጫት ማብላላት በሁሉም ዘንድ እንደሚገኝ መዝግበዋል። ቀጥሎም ጉድጓዱንና ቅርጫቱን አውሮፓውያን ጥቅል ጎመን ከሚያኮመጥጡበት የሸክላ ማሰሮ ጋር አወዳድረዋል። ጀርመኑ ጎመኑን፣ ኮሪያው ኪምቺውን፣ ጋሞው እንሰቱን ወደ ኮምጣጣ የሚለውጡት በአንድ ዓይነት የባክቴሪያ ወገን መሆኑ ሲታሰብ ማሰሮው በዶርዜ ባዕድ አይሆንም። የሴቶቹን ድካም የሚቀንስ ከሆነም መልካም ነው። መፋቁ ግን ከማብላላቱ ይልቅ ወገብ የሚሰብር ሥራ ስለሆነ፣ የምሕንድስና ሙያ ከዚያ ቢጀምር ይሻል ነበር የሚያሰኝ ነገር አለ።

ጉድጓዱ የተቆፈረበት መሬትም ኮምጣጣ ነው። የጨንቻ አካባቢ ደጋ አፈር አሲዳማነቱ የታወቀ ነው። ለዘመናት የወረደው ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ወስዶታል። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምራል፤ የሰብሉ ሥር ያጥራል፤ ፎስፈረስ በአፈሩ ውስጥ እያለ ለተክሉ እንደሌለ ይሆናል። ገብሱና ድንቹ በዚህ ምክንያት ይቀጭጫሉ፤ መድኃኒቱም ኖራ መበተን ነው፤ ኖራ ግን ከባድ ዕቃ ሆኖ መንገዱ ደግሞ ዳገት ነው። ከቤቱ አጠገብ ያለው የእንሰት ጓሮ በየዓመቱ ፍግ ስለሚያገኝ ከሩቁ እርሻ ይልቅ ለምነቱን ጠብቆ ይቆያል። በአንድ ገበሬ ይዞታ ውስጥ የሚፈለግ ኮምጣጣና የማይፈለግ ኮምጣጣ በጥቂት እርምጃ ርቀት ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዱ በሴት እጅ ተለክቶ የተሠራ ነው፤ ሌላው ማንም ሳይጠራው የመጣ ነው።

ከምግቡ ጋር የተያያዘው ንቀት ከየት መጣ? የምኒልክ ጦር በወላይታ ላይ የዘመተው በ1887 ዓ.ም. ሲሆን፣ የጋሞ ደጋም በዚያው ምዕተ ዓመት ማብቂያ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ገባ። ጨንቻ የአስተዳደርና የጦር ሠፈር ሆነች፤ እስከ 1950ዎቹ ዓ.ም. ድረስም አርባ ምንጭ እስክትተካት የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ ነበረች። የመጣው ሹምና ወታደር በገባር ሥርዓት የገበሬውን ጉልበትና ምርት ሲቀበል፣ ከራሱ አገር ይዞት የመጣው የገበታ ክብር ግን እንጀራ ነበር። በሹሙ ቤት እንጀራ፣ በገባሩ ቤት ቆጮ ተበላ። በጊዜ ብዛት ምግቡ የበላዩንና የበታቹን የሚለይ ምልክት ሆነ፤ የእንሰቱ ሽታ ከሰውየው ልብስ ጋር ተያይዞ ተነገረ። ሁለቱም ገበታዎች የላክቲክ ባክቴሪያ ሥራ መሆናቸውን የሚያውቅ በመካከላቸው አልነበረም፤ ቢኖርም የሚሰማው አያገኝም ነበር። የገባሩ ሥርዓት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ከሕግ መጽሐፍ ተፋቀ። ከምላስ የሚፋቅበት አዋጅ ግን አልተገኘም።

ሽማኔዎቹ ይህን ንቀት ተሸክመው ወደ አዲስ አበባ ወጥተዋል። ከዶርዜና ከአጎራባች ቀበሌዎች የመጡት ሸማኔዎች በሽሮ ሜዳና በሌሎች ሠፈሮች ሠፍረው የአገሪቱን ነጠላና ጋቢ ሲሠሩ፣ ሙሽራይቱ የለበሰችውን ጥበብ ያደነቀ ሁሉ የሠራውን ሰው ገበታ አላደነቀም። በአንፃሩ እንሰት ዛሬ ሃያ ሚሊዮን ለሚጠጋ ኢትዮጵያዊ መሠረታዊ ምግብ ወይም ደጀን እንደ ሆነ ይገመታል። በ1997 እ.ኤ.አ. ለንባብ የበቃና እንሰትን ረሀብን የሚመክት ዛፍ ብሎ የሰየመ ጥናት ከ40 እስከ 60 የሚደርሱ እግር እንሰቶች አምስት ወይም ስድስት ነፍስ ያለውን ቤተሰብ ለዓመት እንደሚመግቡ ገልጿል። በድርቅ ዓመት የተቀበረ ቆጮ ያለው ቤት የሚያድረው እንደሌላው አይደለም። ሽታውን የናቀ ሰው ይህን ስሌት አልሠራውም።

ይኸው የጋሞ ኅብረተሰብ ለሰው ልጅ ጠባይ ኮምጣጣነት የሠራው ጉድጓድ ደግሞ ዱቡሻ ነው ቢባል ያስኬዳል። ደጋው ከጥንት ጀምሮ ደሬ በሚባሉ አርባ ያህል አገሮች የተከፈለ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ደሬ ጉዳዩን የሚመክረው ዱቡሻ በሚባል የጉባኤ ሜዳ ነው። ይህ ሥርዓት የውጭ ተመራማሪዎችን ዐይን ስቧል፤ ፈረንሳዊው ማርክ አቤሌስ በአባያ ትይዩ ገደል ላይ ስላለችው ስለ ኦቾሎ ጉባኤ በ1983 እ.ኤ.አ. አንድ መጽሐፍ አውጥቷል፤ የአገሩ ልጅ ዳን ስፐርበርም በዶርዜ ሹመኞች ራስ ላይ የሚቀባው ቅቤ ምን ማለት እንደ ሆነ በመመራመር የምልክትን ጠባይ በሚመለከት በዓለም የታወቀ መጽሐፉን በ1974 እ.ኤ.አ. ጽፏል። ጉባኤው በምርቃት ይከፈታል። ተናጋሪው ይነሣል፤ ሌላው ያዳምጣል። በአንድ ቀን ያልተቋጨ ነገር ለሌላ ቀን ይቀጠራል፤ ያም ካልበቃ እንደገና ይቀጠራል። በድምፅ ብልጫ አይወሰንም፤ መስማማት እስኪገኝ ይብላላል። ሐላቃ የሚባለው የደሬው ሹም በልዩ ልዩ ክልከላዎች የታጠረ ሰው ሲሆን፣ የሚከበረው በትዕግሥቱ ነው።

በሥርዓቱ ሥር ጎሜ የሚባለው እምነት አለ። ጎሜ የተሠራውን በደል፣ ደግሞም በደሉ የሚያመጣውን መዘዝ ያመለክታል። ሽማግሌን የናቀ፣ ወሰን የገፋ፣ ደም አፍስሶ የደበቀ ሰው ጎሜ ይይዘዋል፤ ሕመም ይመጣል፤ ከብት ያልቃል፤ ዝናብ ይቀራል፤ መዘዙም በበዳዩ ብቻ ሳይወሰን ልጆቹንና ዘመዶቹን ይነካል ተብሎ ይታመናል። እስከዚህ ድረስ ከጠረሱት የልጆች ጥርሶች ጋር አንድ ነው። ሆኖም ጎሜ መፍቻ አለው። የተደበቀው በሽማግሌዎች ፊት ይነገራል፤ ተበዳዩ ይካሣል፤ ዕርቅ ይወርዳል። እየተብላላ የቆየው ነገር ክዳኑ ተነሥቶ ሽታው ለሁሉም ይሰማል ማለት ነው። ከታላቁ በዓል ከማስቃላ በፊት የተጣሉ እንዲታረቁ መደረጉም ከዚሁ የመጣ ነው፤ ቂም ይዞ የበዓሉን ገበታ መቅረብ ነውር ነው።

ይህን ሥርዓት ከእውነተኛ መልኩ በላይ ማሳመር አይገባም። በጥንቱ ዱቡሻ ሴቶች ድምፅ አልነበራቸውም። ሸክላ ሠሪዎቹና ቆዳ ፋቂዎቹ እንደ ርኩስ ተቈጥረው ከጉባኤውም ከመሬቱም ተገልለው ኖረዋል። ቆጮውን በልኩ ማኮምጠጥ የሚያውቁት እጆችና ገበታውን የሚሸከሙትን ዕቃዎች የሠሩት እጆች ነገር በሚብላላበት ሜዳ ቦታ አላገኙም። ከሹሙ ቤት በተሰነዘረበት ንቀት የተቈጣ ኅብረተሰብ በራሱ ጓሮ ተመሳሳዩን ንቀት ሲያሳድግ መኖሩ ለታሪክ ጸሐፊ የማይመች እውነት ነው። መሸፈኑ ግን አይጠቅምም።

በመስከረም 2011 ዓ.ም. የመጀመሪያ ቀናት ሥርዓቱ ከባዱ ፈተና ገጠመው። በአዲስ አበባ ዳርቻ በቡራዩ፣ በአሸዋ ሜዳና በአካባቢው በተነሣው ጥቃት በርካታ ሰዎች ተገደሉ፤ በሺዎች የሚቈጠሩ ተፈናቀሉ። ከተጎዱት ውስጥ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የሄዱ ሸማኔዎችና ቤተሰቦቻቸው ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች በቁጣ አደባባይ ወጡ። የገደላቸው ማን እንደ ሆነ በስም አይታወቅም፤ የሚታወቀው የቋንቋው ስም ብቻ ነበር፤ ስለዚህም ቁጣው በከተማው ውስጥ በሚኖሩ የኦሮሞ ተወላጆችና የእነርሱ ነው በተባለ ንብረት ላይ አነጣጠረ። በአርባ ምንጭ ሱቁን ከፍቶ የተቀመጠ ሰው በቡራዩ ለሆነው ምን ዕዳ አለበት ብሎ በዚያ ሰዓት የሚጠይቅ ጥቂት ነበር። ሐዘን ነበር፤ ከሐዘኑም በታች ከአያት ጀምሮ የተከማቸ የመናቅ ትዝታ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ለረጅም ዘመን ሲብላላ ኖሮ በአንድ ቀን ሲገነፍል ምን እንደሚያደርግ አገሪቱ በሌላ ስፍራ አይታለች።

ሽማግሌዎቹ የመጡት በዚህ ሰዓት ነው። ርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ከወጣቶቹ ፊት መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሽማግሌ ሣር ይዞ ከለመነ፣ ይልቁንም ከልጁ ፊት ከተንበረከከ፣ እርሱን ረግጦ ማለፍ ከጎሜ ሁሉ የከፋ ጎሜ ነው። በአባቶች ፊት ላይ ፈገግታ አልነበረም፤ ልመናውም ማባበል አልነበረም። አማርኛ ኮምጠጥ ያለ የሚለው ዓይነት ፊት ነበር። ወጣቶቹ ቆሙ። ጥቂት ቆይተውም ተመለሱ። የተቃጣው ጥፋት ሳይፈጸም ቀረ፤ የዚያ ቀን ፎቶግራፍም በመላው አገሪቱ ታየ።

የተገደሉት አልተነሡም፤ የተፈናቀሉት ሐዘን በሣር አልደረቀም። ሽማግሌዎቹም በደሉ አልተፈጸመም አላሉም፤ ወጣቶቹ ይርሱት ብለውም አልለመኑም። የለመኑት ጥርሳቸው የጠረሰ ልጆች ወይኑን ባልበላ ሰው ላይ እንዳይነክሱ ነበር። ማስቃላ ሊገባ ዐሥር ቀን ያህል ቀርቶት ነበር።